የበረዶ ድጎማ

ኤቢሴ ከተፍኪ ወደ ሱሉልታ በሙሽርነት ስትመጣ አገሩ አልገባትም ነበር። እሷ ያደገችበት ከሰበታ ወዲያ ያለው ጥቁር መሬት፣ ክረምት አዋሽ ሞልቶ የሚተኛበት፣ ውሃው ሲሸሽ በእርጥቡ ላይ ሽምብራ የሚዘራበት አገር ነው። እዚህ ከእንጦጦ ጀርባ ግን ብርድ አለ፣ ገብስ አለ፣ ከሁሉም በላይ ሳር አለ። ሰው ሳር አጭዶ፣ አስሮ፣ ከምሮ፣ ክምሩን በእሾህ አጥሮ እንደ ጎተራ እህል ሲጠብቀው ባየች ጊዜ ሳቋን መያዝ አቃታት። ባሏ ኢብሳ አልተቀየማትም። በጋው ይግባና ላሞቹ ራሳቸው ያስረዱሻል አላት። በጋው ገባ፤ ሜዳው ነጣ፤ ላሞቹ በክምሩ ዙሪያ ቆመው በዓይናቸው ለመኗት። ከዚያ ወዲህ ሳር አይታ ስቃ አታውቅም።

ኢብሳ የደቦ አውራጅ ነበር። ሳሩ ሲደርስ የሰፈሩ ወንዶች ማጭዳቸውን ስለው ይሰበሰቡና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን መስክ በየተራ ያጭዳሉ። ከፊት ሆኖ ዜማ የሚያወርድላቸው ከሌለ ወገባቸው አይታዘዝም። የኢብሳ ድምፅ መስክ ተሻግሮ ከወዲያኛው ሰፈር ይሰማ ነበር፤ ግጥሙ ግን የኤቢሴ ነው። ማታ ላም ስታልብ አፏ ላይ የመጣላትን ለባሏ ታቀብለዋለች፤ እሱ ጠዋት ለአገር ያወርደዋል። አንዳንዱ በኦሮምኛ ነው፣ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱም ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ።

አጫጁ ሲገባ ማጭዱን አንግቶ፣
ቤቱ መስክ ይሆናል ሳር ሳር ሸቶ ሸቶ።

ይህን ሲያወርደው ወንዶቹ ጎንበስ እንዳሉ ይስቃሉ፤ እሷ ከደጃፏ ጆሮዋን አቁማ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ግጥሙ የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ አውቆ ዝም ይላል እንጂ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ክረምት ብርድ ደረቱን መታውና ኢብሳ ሞተ። አንዲቷ ልጃቸው ሰንዳፋ ተድራለች፤ ኤቢሴ ከላሞቿ ጋር ብቻዋን ቀረች። በሰፈሩ ልማድ ሴት ሳር አታጭድም። የመበለት መስክ ሲሆን ደቦው ራሱ ተራ ይይዝላታል፤ የእሷ ድርሻ ጠላውን መጥመቅ፣ የገብስ በሶውን በቅቤ አሽታ ጭኮውን ማቅረብ ነው። ደቦውን የሚመሩት የኢብሳ ታላቅ ወንድም ኦቦ ቦጂያ ነበሩ። ቁጡ ቢጤ፣ ለመስኩ ግን እንደ ገዛ መስካቸው የሚሳሱ ሰው። እናም ኤቢሴ እንዲህ ኖረች፤ ሳሩ ላሞቹን ያኖራል፣ ላሞቹ እሷን ያኖራሉ፣ ሳሩን ደግሞ ደቦው ያገባላታል። ከዚህ ገመድ አንዱ ቢበጠስ ሌላ የምትይዘው አልነበራትም።

ዝናቡ ያስቸገረው ያ ዓመት መጣ። ዘግይቶ ገባ፤ ሲገባም በንዴት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ቆየና በረዶውን አወረደው። የኤቢሴ ገብስ ገና እሸት እንደያዘ ከመሬት ተሰፋ። የሳሩ መስክ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተጎንብሶ ተረፈ፤ በኋላም ቀና አለ። በሰፈሩ ገብሳቸው እንደሷ የወደመባቸው ጥቂት ቤቶች ነበሩ። በሞተር ሳይክል ከማሳ ማሳ የሚዞረው የግብርና ባለሙያ፣ ሚልኬሳ የሚባለው የቡራዩ ልጅ፣ እየዞረ አየላቸው። መንግሥት በረዶ ለመታው ገበሬ ለከርሞ ዘር መግዣ የሚሆን ድጎማ ይሰጣል አላቸው።

የክፍያው ቀን ሲደርስ ኤቢሴ ወተቷን አስረክባ በዚያው ድጎማው ወደሚከፈልበት ወደ ገበሬ ማህበሩ ግቢ ጎራ አለች። ከሌሎቹ ቀድማ ስለደረሰች ቀድማ ተጠራች። ሚልኬሳ አውራ ጣቷን ሐምራዊ ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አስጫናት። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ማን ይጠይቃል። ድጎማዋን ተቀብላ በቀጥታ ወደ ሐምዱ መጋዘን ሄዳ የዘር ገብስ ገዛችበት። ሐምዱ ከሱቁ ጎን ወተት የሚሰበስብ፣ ለላም መኖ ፋጉሎና ፉርሽካ የሚሸጥ፣ ሁሉንም ሰው በቀልድ የሚያስተናግድ ነጋዴ ነው። ይህን ዘር እንዳይቆረጥሙት ብሎ ሳቀባት። ከኋላዋ የመጡት ግን ሰዓት አልፏል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ኑ ተባሉ።

የሚቀጥለው ሳምንት እንደታሰበው አልመጣም። ኅዳር ውስጥ አገሩ ተነሳ። ማስተር ፕላን የሚባለው ቃል በየአፉ ገባ፤ አዲስ አበባ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው፣ ገበሬው ሊነቀል ነው ተባለ። ተማሪዎች ወጡ፤ አስፋልቱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ተኩስ ተሰማ፤ የሰው ልጅ ታፈሰ። የማህበሩ ግቢ ተቆለፈ። የሚልኬሳን ሞተር ድንጋይ መታው፤ እሱም በዚያው ጠፋ።

ወሬው የተነሳው ወተት ማስረከቢያው ወረፋ ላይ ነው። ድጎማ የሚባል ነገር የለም፣ ያ የመሬት ካሳ ነው አለ አንዱ። ሌላው ወዲያው ያዘው። ሰው ቢያምን አይፈረድበትም ነበር። ከአስፋልቱ በታች ያለውን መሬት ከዓመታት በፊት እንዲሁ በጣት ፈርሞ የሰጠ ገበሬ ነበር፤ ገንዘቡን የተቀበለው ለጊዜው መስሎት ነበር። ዛሬ ያ መሬት ታጥሮ ፋብሪካ ሆኗል፣ ሰውየው በሩ ላይ ዘበኛ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሲያየው ሰላምታውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። አሁን ደግሞ ጣቷን የነከረች አንዲት ሰው ብቻ ናት። ሌሎቹ እንኳን ሳንቀበል ቀረን እያሉ ተመስገን ይሉ ጀመር። እሷ ሸጣለች ተባለ። አንድ መስክ ከተሸጠ ደግሞ አጥሩ እዚያ አይቆምም፤ የጎረቤትን፣ ከዚያም የቀጣዩን እያለ ይመጣል።

ኤቢሴ ይህን ሁሉ የሰማችው የመጨረሻ ሆና ነው። ተራዋ የደረሰ ለት ጠላዋን አጥልላ፣ ጭኮዋን አሽታ ጠበቀች። ጤዛው ረገፈ፤ ማንም የለም። ፀሐይ ወጣች፤ ማንም የለም። ደግሞ ከወደ ምሥራቅ፣ ከጎረቤት መስክ፣ የአጫጆች ድምፅ ተነሳ።

የሱሉልታ መስክ ንፋስ ያወዛውዘው፣
ያሳደገው ዝናብ ያጨደው ወንድም ነው።

የራሷ ግጥም ነበር። ኢብሳ በሕይወት ሳለ ለወንድሙ ብላ የሰጠችው። የእሷን ተራ ዘልለው የእሷን ግጥም እየዘፈኑ የሌላውን መስክ ያጭዳሉ። ደጃፏ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አላለቀሰችም፤ ጠላውን ብቻ ከደነችው።

አመሻሹ ላይ ኦቦ ቦጂያ መጡ። እንደ ወትሯቸው አልተቀመጡም፤ ከበሩ መቃን ተደግፈው አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ አሏት። ነጋ አለች፤ ሰላም ነው ማለቷ ነው፤ ድምፁ ግን የሰላም አልነበረም። ነገሩን አላድበሰበሱትም። ልጆቹ እንዳስቸገሯቸው፣ በተለይ የገዛ ልጃቸው አበራ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ከታፈሱ ወዲህ የመንግሥትን ስም መስማት እንደማይፈልግ ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ነገ ጠዋት ነይና እርጥብ ሳር ይዘሽ አልሸጥኩም በዪ። አንዲት ቃል ናት። የቀረውን ለኔ ተይው።"

በዚያ አገር እርጥብ ሳር የሰላም ነው። ሳር ይዞ የመጣን ሰው ማንም አይመታውም። ሳር ይዞ የማለውንም ሰው ማንም መልሶ አይጠይቀውም፤ የዋሸ እንደሆነ ግን መሬቷ ራሷ ትጠላዋለች ብለው ያምናሉ፤ የዘራው አይበቅልለትም፣ ያረባው አይበረክትለትም። ኤቢሴ ጣቷን አየች። በሎሚ አሽታዋለች፣ በአመድ አሽታዋለች፤ ከጥፍሯ ሥር ያለው ሐምራዊ ግን አልለቀቀም።

"ኦቦ ቦጂያ፣ አልምልም" አለች።

"ለምን?"

"አላውቅማ። ምን ላይ እንዳስጫኑኝ አላውቅም። ሸጬ ከሆነስ?"

እሷ የፈራችው ሳሩን ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ግን ኑዛዜ ነው። ዘንጋቸውን አንስተው ሄዱ። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ኤቢሴ መማል እንቢ ማለቷን ሰማ፤ ከዚህ ወዲያ ማን ይጠራጠራል።

ሳሩ መድረቅ ጀመረ። ቆሞ የደረቀ ሳር ነፍስ የለውም፤ ላም ታመነዥገዋለች እንጂ ወተት አይሆናትም። ይባስ ብሎ ከእንጦጦ አናት ላይ ያለ ወቅቱ ደመና ይቋጠር ጀመር። አንድ ዝናብ ከጣለበት መስኩ በቁሙ ይሻግታል። ኤቢሴ በመስኩ ዳር እየተመላለሰች ሳሩን በእጇ ታሻሸዋለች፤ ገና ነው ትላለች ለራሷ፣ አንዲት ሳምንት ይቆይልኛል። ማጭድ ብድግ አድርጋ ራሷ ልትገባበት ያሰበችበት ጊዜም ነበር። ግን ብቻዋን አጭዳ የማን ጎረቤት ሆና ልትኖር ነው። የሚያስፈልጋት ሳሩ መታጨዱ ብቻ አልነበረም፤ ደቦው እንዲያጭደው ነበር።

መጀመሪያ ማወቅ አለብኝ አለች። የሚያውቀው ሚልኬሳ ነው። ሚልኬሳ የእናቱን ስም ሲጠራ ሰምታዋለች፤ ተረፈች ትባላለች፣ ቡራዩ ገበያ ድንች ትሸጣለች፤ ኤቢሴ አንድ ጊዜ በሚልኬሳው እጅ እርጎ ልካላት ታውቃለች።

በማግስቱ ማለዳ ሐምዱ ዘንድ ሄደች። መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል፤ ወተት የጫነ መኪና ግን ልጆቹም አይነኩትም፣ ፖሊሱም ያሳልፈዋል፤ ልጅ የሚጠጣው ነው ተብሎ። ሐምዱ ነገሯን ከሰማ በኋላ እንደ ልማዱ ፈገግ አለ።

"ከጣሳዎቹ መሃል ይቀመጣሉ፣ እትዬ ኤቢሴ። ምንድን ናት ካሉኝ እርጎ ናት እላለሁ።"

"አሬራ በል፤ ለእርጎ አልፎብኛል" አለችው። ከብዙ ቀን በኋላ የወጣ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር፤ ራሷም ገረማት።

በድንጋይ መሃል እየተጠማዘዙ ወጡ፤ እንጦጦን ዞረው አዲሱ ገበያ ወረዱ። ከዚያ በታክሲ ወደ ቡራዩ ሄደች። ገበያው ግማሽ ግማሹ ነበር የተከፈተው፤ ሻጩም ገዢውም ጆሮውን ወደ አስፋልቱ ጥሎ ይገበያያል። ድንች ሻጯን ተረፈችን አላጣቻትም። ማን እንደሆነች ነግራት ሚልኬሳን ስትጠይቅ ግን የሴትየዋ ፊት ተዘጋ። የማውቀው ልጅ የለም አለች። ኤቢሴ አልተከራከረችም፤ ከድንቹ ክምር ጎን ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ካለው የሸራ መጋረጃ ውስጥ ሚልኬሳ ራሱ ብቅ አለ። ጢሙ አድጓል፣ እጁ ድንች ሲለይ የቆየ ነውና አፈር ለብሷል።

"አዴ ኤቢሴ፣ በዚህ ቀን እርስዎን ማን አመጣዎት?"

አውራ ጣቷን ዘረጋችለት። "ይቺን ምን ላይ ነው ያስጫንካት?"

"ለበረዶው ነዋ። ገብሷ ተመቷል፣ ለዘር የሚሆን ድጎማ ተቀብላለች ነው የሚለው።"

"መሬቴስ አለበት?"

"የለበትም።"

"መስኬስ?"

"አዴ፣ ስለ ሳር መሬት አንድ ቃል የለም። የገብሱ ማሳም ቢሆን ተመታ ይላል እንጂ ተሰጠ አይልም።" ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ደነገጠ። "ያን ቀን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ሰው በዝቶ ቸኩዬ ነው።"

ኤቢሴ ተነፈሰች። ትንፋሿ የወጣው ከጉልበቷ ጀምሮ መሰላት። ግን ገና ነበር። አሁን እሷ ታውቃለች፤ ደቦው ግን አያውቅም፤ የእሷን ቃልም ከእንግዲህ እንዲሁ አይቀበለውም። እሷ ራሷም ብትሆን ይህን ልጅ እርጥብ ሳር ይዞ ሲናገር ማየት አማራት።

"ይህን ሳር ይዘህ ትለዋለህ?" አለችው።

እናቱ ከልጇ ቀድማ ተቆጣች። አንቺ ሴትዮ፣ እርጎሽን ባልቀመስኩ አለች፤ ሞተሩን በድንጋይ ያደቀቁት ሰዎች ዘንድ ልጄን በእጄ ላስረክብ ነው ወይ አለች። ኤቢሴ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

"ልጅሽን ከፊቴ አላስቀድምም። ከኋላዬ ነው የሚሄደው። ድንጋይ ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።"

ተረፈች ድንቿን እያገላበጠች ቆየች። ከዚያ ለልጇ ጃኬቱን ከምስማሩ ላይ አውርዳ ወረወረችለት። አዝራሩን እስከ ላይ ቆልፈው፣ አገራቸው ብርድ ነው አለችው።

የሐምዱ መኪና ባዶ ጣሳዎቹን ይዞ ሲመለስ ሁለቱን ጫነ። ሚልኬሳ በዚያን ዕለት ሐምዱ ዘንድ፣ ከፋጉሎው ጆንያ አጠገብ አደረ። ሲነጋ ኤቢሴ ይዛው ወደ ምንጩ ወረደች። በታኅሣሥ ሜዳው በሙሉ ወርቅማ ነው፤ እርጥብ ሳር የሚገኘው ውሃው ከሚፈስበት ዳር ብቻ ነው። ከዚያ ነቅላ ግማሹን ለእሱ ሰጠችው፣ ግማሹን ለራሷ ያዘች። ጤዛው በእጃቸው ላይ ወረደ። ልጁ ሳሩን የያዘው እንደ ዕንቁላል ነበር፤ ቢያጠብቀው የሚሰበር፣ ቢያላላው የሚወድቅ ይመስል።

ደቦው በዚያን ቀን በኦቦ ቦጂያ መስክ ላይ ነበር። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ዘፈኑ ቆመ። አንድ ሁለት ወጣቶች ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ኤቢሴ እርምጃዋን አላፈጠነችም፣ አላዘገመችምም፤ ሳሩን ሁሉም እንዲያየው ከደረቷ ከፍ አድርጋ ሄደች። አበራ ከመሃል ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። የመንግሥት ሰው እዚህ ምን ያደርጋል አለ። አባቱ ሳሩን በአገጫቸው አመለከቱት። ልጁ ሳሩን አየ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ከመንገዱ ገለል አለ።

ኦቦ ቦጂያ ተናገር አሉት። ሚልኬሳ በኦሮምኛ፣ ማንም ሳያቋርጠው ተናገረ። ለኤቢሴ የተሰጣት የበረዶ ድጎማ ነው፤ ጣቷን የጫነችው ለዘር መግዣ መቀበሏን ነው፤ መሬት አልሸጠችም፣ መስክ አልሰጠችም፤ ይህን ሳር ይዤ ነው የምለው።

አበራ ግን አልረካም።

"እሺ። ነገስ? ነገ መሬታችን አይወሰድም በልና ማል።"

አንዲት ቃል ነበረች፤ ሚልኬሳ ቢናገራት ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ በሄደ። ሚልኬሳ ሳሩን አየ፣ ሰዎቹን አየ።

"እሱን አልምልም" አለ። "አላውቀውማ። እኔም እንደናንተው ነው የምሰማው። የማውቀው ያስጫንኳትን ብቻ ነው።"

ከዚያ ከኦቦ ቦጂያ አፍንጫ የሆነ ድምፅ ወጣ፤ መጀመሪያ የንዴት መስሎ ነበር፤ ሳቅ ነው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"እዩዋቸው እንግዲህ፣ ሁለቱንም። እሷም አላውቅም ብላ ነው እኮ ያስቀየመችን። መዋሸት ቢፈልጉ ኖሮ ገና ድሮ ዋሽተው በገላገሉን።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ስማ፣ አበራ፤ ሳር ይዞ አላውቅም የሚል ሰው ምን ይጠየቃል? በቃ።"

አበራ ማጭዱን ወደ ትከሻው መለሰ። ኤቢሴ ያኔ ወደ ፊት ወጣች፤ ሳሩን በሁለት እጇ ይዛ አልሸጥኩም አለች። አንዲት ቃል ናት ብለዋት ነበር፤ እውነትም አንዲት ቃል ናት። አሁን ስትወጣ አፏ ላይ እንደ ትኩስ ወተት ሞቃለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያስቃል። ሳንቀበል ቀረን ብለው ተመስገን ሲሉ የከረሙት በረዶ የመታቸው ገበሬዎች አንድ በአንድ ወደ ሚልኬሳ ጠጋ ጠጋ ማለት ጀመሩ። የኛስ መቼ ነው አለው አንዱ፤ በሹክሹክታ። ሌላው ጣቱን ዘርግቶ እዚሁ አስጭነኝና እንገላገል አለ። ሚልኬሳ ቀለሙን ቡራዩ ረስቼዋለሁ ሲል የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ አበራም ጭምር፣ ፊቱን አዙሮ። ማህበሩ ከወራት በኋላ ሲከፈት ሁሉም ድጎማቸውን ተቀበሉ፤ ዘር ገዙ። ማስተር ፕላኑም ቀረ ተብሎ በሬዲዮ የተነገረው ጥር ውስጥ ነው፤ የዚያን ቀን ሐምዱ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ለወተት ወረፋው አሰማ። የታፈሱት ልጆች ግን ገና አልተመለሱም ነበርና ሰው ደስታውን በልኩ ያዘው። ለኤቢሴ እፎይታው የደረሳት ከዚያ ሁሉ ቀድሞ፣ በዚያ ጠዋት ነው።

ኦቦ ቦጂያ የጀመሩትን መስካቸውን ትተው ማጭዳቸውን አነሱ። የኔ ይቆይ፣ ደመናውን አታዩም ወይ አሉና ደቦውን በሙሉ እየመሩ ወደ ኤቢሴ መስክ ወረዱ። ኤቢሴ ደነገጠች። ጠላው ከቆመ ቀናት አልፎታል፣ ጭኮው ደርቋል። ደቦ ጠርቶ ባዶ እጅ መቀበል በዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው። ልትነግራቸው ስትሞክር ሽማግሌው እጃቸውን አወዛወዙባት። ማን ጠርቶን ነው፣ ራሳችን ነን የመጣን አሏት።

ማጭዶቹ ገቡ። ሳሩ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ፣ ያ ሽው የሚለው፣ በአንድ ጊዜ ከብዙ እጅ ተነሳ። ነፍሱ አልወጣም ነበር፤ ሽታው ገና ጣፋጭ ነው። ኤቢሴ እሳት ላንድድ ብላ ወደ ቤት ጀመረች። በመንገዷ፣ መጀመሪያ በታጨደው ረድፍ ጫፍ፣ አፍታ ልረፍ ብላ ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ጀርባዋን አገኘችው። በነዚያ ሁሉ ቀናት ሰውነቷ የራሷ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ታቅፋ የምትዞር ይመስል ነበር። አሁን አስቀመጠችው። ጎኗን ሳሩ ላይ አሳረፈች። ከሩቅ ዜማ ሲነሳ ሰማች፣ ቃሉን ልትይዘው ሞከረች፣ አመለጣት።

ስትነቃ አንዲት ጥጃ ከትከሻዋ ሥር ሳሩን እየሳበች ትበላ ነበር። ሰውነቷ ላይ የማን እንደሆነ የማታውቀው ጋቢ አለ። መስኩ ተላጭቷል፤ እስሮቹ በየቦታው ቆመዋል፣ ሁለት ክምር ተነስቶ ሦስተኛው እየተነሳ ነው። ደመናው ሱሉልታን ትቶ ወደ መናገሻ አልፏል። ሚልኬሳ ጃኬቱን አውልቆ ከክምሩ ላይ ሆኖ እስር ይቀበላል፤ ከታች የሚወረውርለት አበራ ነው፤ ሆን ብሎ ፊቱ ላይ እየወረወረ።

ኤቢሴ ደንግጣ ተነሳች። አፈረች። የቤቱ እመቤት፣ በደቦ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ተኝታ። ጸጉሯ ላይ የተሰካውን ሳር ለመንቀል እጇን ሰደደች። ኦቦ ቦጂያ ማጭዳቸውን በሳር እየጠረጉ መጡና ከአጠገቧ ቆሙ። አንድም የይቅርታ ቃል አልተናገሩም፤ እሷም አልጠበቀችም።

"ተነሽ እንግዲህ፣ ጨርሰናል" አሉ። "ርቦናል።"